ጥቆማ፦ የመኪናዬ ኤሲ ጋዝ ተሞልቶለት በሦስተኛው ሳምንት ሞቀ፣ ለማን ይታይ?

ጠያቂ፦
ጤና ይስጥልኝ። ፋኑ በደንብ ይነፍሳል፣ የሚወጣው አየር ግን ከውጭው አይለይም። ጋዙ አር 134 ኤ የሚባለው የማቀዝቀዣ ጋዝ ነው፣ ከተሞላ ሦስት ሳምንቱ። አንደኛው ባለሙያ ድጋሚ ጋዝ እንሙላ ይላል፣ ሁለተኛው ያገለገለ ኮምፕረሰር (ጋዙን የሚገፋው ፓምፕ) ልግጠም ይላል፣ ሦስተኛው ለፍተሻ ብቻ ያስከፍላል። የትኛውን ትመርጣላችሁ?

መላሽ 1፦
ሁልጊዜ የሚሞላልህ ሰው ካለ እሱን አትልቀቅ። የኔው ባለሙያ ገና እጁን ሲያስነካው ነው የሚበርደው። ሌላ ቦታ ማዞር ትርፉ ድካም ነው።

መላሽ 2፦
ጋዝ እንደ ነዳጅ ተቃጥሎ አያልቅም፣ በዝግ ቱቦ ውስጥ የሚዞር ነው። በሦስት ሳምንት ከጠፋ የፈሰሰበት ቀዳዳ አለ። ቀዳዳውን ሳይፈልግ የሚሞላ ሰው ባለሙያ አይባልም፣ መላሽ 1 የሚሉት ሰውም ጭምር።

መላሽ 1፦
ያላየኸውን ሰው አትስደብ። ሁሉም ደንበኛው ይመሰክርለታል።

መላሽ 3፦
ወንድሜ፣ ሦስተኛውን ምረጥ። ግን ሲፈትሽ አጠገቡ ቁምና ምን እንደሚያደርግ ተመልከት። ሞተሩ ጠፍቶ ከቀዘቀዘ በኋላ፣ 25 ዲግሪ አካባቢ፣ ሁለቱም ጌጅ (የዝቅተኛውና የከፍተኛው ግፊት መለኪያ) ወደ 80 ፒኤስአይ (የግፊት አሃድ) ካሳዩ ውስጡ ፈሳሽ ጋዝ አለ ማለት ነው እንጂ ሞልቷል ማለት አይደለም። ጥቂት ፈሳሽ ብቻ ቢቀርም ንባቡ ያው ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

ሞተሩ ተነስቶ ኤሲው ሲበራ፣ በ30 ዲግሪ ሙቀት፣ ዝቅተኛው ከ25 እስከ 45፣ ከፍተኛው ከ150 እስከ 250 ፒኤስአይ መሃል ይጠበቃል (እንደ መኪናው ይለያያል)። ሁለቱም ዝቅ ካሉ ጋዝ አንሷል። ዝቅተኛው ከፍ፣ ከፍተኛው ዝቅ ካለ ኮምፕረሰሩ መግፋት አቅቶታል። ሁለቱም ከፍ ካሉ ወይ ጋዝ በዝቷል፣ ወይ የኮንደንሰሩ (ከፊት ያለው፣ የጋዙን ሙቀት የሚያወጣው) ፋን አይዞርም። ዝቅተኛው ከዜሮ በታች ከወረደ ደግሞ ኤክስፓንሽን ቫልቩ (ጋዙ የሚያልፍበት ጠባብ ቀዳዳ) ተዘግቷል፣ ወይም ውስጥ የገባ እርጥበት በረዶ ሠርቷል። ይህ ሳይታይ ኮምፕረሰር ቀይር የሚል ሰው በግምት ነው የሚሠራው።

መላሽ 4፦
የሚያሽግ ፈሳሽ ያለበት የጋዝ ጣሳ እንዳትገዙ! በእኔ መኪና ላይ ተሞክሮ ሲስተሙ በሙሉ ተበላሽቷል። ፈሳሹ እርጥበት ሲያገኝ ይደርቃል። ኤክስፓንሽን ቫልቩን ዘጋው፣ ከዚያ በኋላ ጋዝ የሚመጥ ማሽን ያለው ጋራዥ ሁሉ ማሽናችንን ያበላሽብናል ብሎ አልቀበልም አለ።

መላሽ 5፦
እውነት ነው? ጣሳው ላይ እኮ ለሁሉም መኪና ይሆናል ይላል።

መላሽ 4፦
ይላል፣ ግን አይሆንም። ድራየሩ (እርጥበት የሚመጠው)፣ ቫልቩ፣ ኮንደንሰሩ ሁሉ ተቀየረ።

መላሽ 6፦
እኔ ጋ ደግሞ ኤሲው ሲበራ የሻገተ ሽታ ይመጣል። ጋዙ ይሆን?

መላሽ 3፦
አይደለም። የካቢን ፊልተሩን ቀይር፣ ከኢቫፖሬተሩ (አየሩን የሚያቀዘቅዘው ክፍል) ሥር ያለው የውሃ መውረጃ ቱቦም ተደፍኖ እንደሆነ እይ። ከመድረስህ ጥቂት ደቂቃ ቀደም ብለህ ኤሲውን አጥፍተህ ፋኑን ብቻ ብትተወው እርጥበቱ ይደርቃል።

መላሽ 2፦
ጠያቂው የጠየቀው ስለ ሽታ አይደለም! ኤሲው ሲበራ ኮምፕረሰሩ ጠቅ ይላል?

ጠያቂ፦
አይልም። ከፊቱ ያለው ሳህን ዝም ይላል፣ በቺንጊያው የሚዞረው ፑሊው ብቻ ነው።

መላሽ 2፦
እንግዲያው ኮምፕረሰሩ ሞቷል ለማለት ገና ነው። ጋዝ ሲያንስ የግፊት ስዊቹ ራሱ ክላቹን (ሳህኑን ከፑሊው ጋር የሚያጣብቀውን) ያቋርጠዋል፤ ኮምፕረሰሩ ያለ ዘይት እንዳይዞር ነው። ዘይቱ ከጋዙ ጋር ነው የሚዞረው። ጌጁ በቂ ግፊት ካሳየ ፊውዙንና ሪሌዩን (ኤሌክትሪክ የሚያገናኘውን ማብሪያ) እዩ፣ ከዚያ የክላቹን ጠመዝማዛ በመልቲሜትር ለኩ፤ ከ3 እስከ 5 ኦም አካባቢ ካለ ደህና ነው። መብራት ደርሶት ካልተሳበ በሳህኑና በፑሊው መሃል ያለውን ክፍተት በስስ መለኪያ እዩ፤ በብዙዎቹ ከ0.3 እስከ 0.6 ሚሊ ሜትር ነው። ሲያረጅ ይሰፋል፣ ከውስጥ አንድ ቀጭን ሺም (ስስ የብረት ቀለበት) በማውጣት ይስተካከላል። ለዚህ ኮምፕረሰር አይቀየርም።

መላሽ 7፦
የሚፈስበትን ቦታ በዓይንም መለየት ይቻላል። ጋዙ ሲወጣ ዘይት ይዞ ስለሚወጣ ቦታው ላይ ቅባትና አቧራ ተደባልቆ ጥቁር ቀለበት ይሠራል። መጀመሪያ የኮንደንሰሩን ፊት (ጠጠር የሚመታው እሱን ነው)፣ የቱቦ መጋጠሚያዎችን፣ የመሙያውን ቫልቭ ተመልከት። ከኮፈኑ ውስጥ፣ በክላቹ ትይዩ የተረጨ የዘይት መስመር ካለ የኮምፕረሰሩ ዘንግ ማሸጊያ ነው። ምንም ካልታየ ናይትሮጅን በ10 ባር ገደማ ተሞልቶ በሳሙና አረፋ ይፈተሽ። ኦክስጅን በፍጹም! ከዘይት ጋር ይፈነዳል።

መላሽ 1፦
ይሄ ሁሉ ለአንድ ጋዝ? የኔው ባለሙያ ሃያ ደቂቃ ይበቃዋል።

መላሽ 7፦
ሃያ ደቂቃ ለቫኪዩሙ (አየሩንና እርጥበቱን በፓምፕ ለመምጠጥ) እንኳ አይበቃም። ሲስተሙ ከተከፈተ ድራየሩ ይቀየራል፣ ቢያንስ 30 ደቂቃ ቫኪዩም ይደረጋል፣ ከዚያ ፓምፑ ተዘግቶ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ መርፌው መነሳት አለመነሳቱ ይጠበቃል። ከተነሳ አሁንም ይፈሳል። ጋዙም በጌጅ ግምት ሳይሆን በሚዛን፣ በኮፈኑ ሥር በተለጠፈው ወረቀት ላይ በተጻፈው ግራም ልክ ይገባል። ለብዙ መኪና ከ400 እስከ 800 ግራም ነው፣ 100 ግራም ስህተት እንኳ ቅዝቃዜውን ይቀንሳል።

መላሽ 8፦
ያገለገለ ኮምፕረሰር የግድ ከሆነ ዘይቱ ተቀድቶ ይታይ። የብረት ብናኝ ካለው አትውሰደው። የድሮውም ብናኝ ተፍቶ ከሆነ ኮንደንሰሩ አብሮ መቀየር አለበት፣ ቀጫጭን ቀዳዳዎቹ በእጥበት አይጠሩም። ዲቃላ ወይም የኤሌክትሪክ መኪና ከሆነ ደግሞ ፓግ የሚባለውን ተራውን የኮምፕረሰር ዘይት እንዳይጨምሩበት፣ ኤሌክትሪክ ስለሚያስተላልፍ የኮምፕረሰሩን ሞተር ያበላሻል።

ጠያቂ፦
አመሰግናለሁ። መኪናዬ ዲቃላ አይደለም። ከኮንደንሰሩ ግራ ጥግ፣ ከላይኛው መጋጠሚያ ሥር፣ ጥቁር ቅባት አለ።

መላሽ 7፦
መጋጠሚያው ብቻ ከሆነ አንድ ኦ-ሪንግ (የጎማ ማሸጊያ ቀለበት) ነው። ለዚህ ጋዝ የሚሆነውን አረንጓዴውን ይግጠምልህ፣ ዘይት ቀብቶ።