ኤፍቲኦ በስፕሬይ እየሠራሁ ፊልሙ ወተት መሰለብኝ፣ ምን ላድርግ?

ጣና ፊዚክስ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የማስተርስ ሥራዬ ለሶላር ሴል የሚሆን ርካሽ ኮንዳክቲቭ (ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ) መስታወት ነው። አይቲኦ፣ ማለትም ኢንዲየም ቲን ኦክሳይድ የተቀባ መስታወት፣ ማስመጣት በኛ በጀት አይታሰብም፣ ኢንዲየሙ ውድ ነው። ስለዚህ ፍሎሪን የገባበት ቲን ኦክሳይድ፣ ማለትም ኤፍቲኦ፣ መረጥኩ። ቲን ክሎራይድና አሞኒየም ፍሎራይድ በኤታኖል በጥብጬ፣ ትንሽ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ጠብ አድርጌ፣ 450 ዲግሪ ሆት ፕሌት ላይ ባስቀመጥኩት ተራ የመስኮት መስታወት ላይ በኤርብረሽ እረጫለሁ። የሚወጣው ደፍራሳ ነው፣ መልቲሜትሩም ኪሎኦም ያነባል። ፍሎሪኑን ልጨምር?

ዶፓንት፦
ፍሎሪኑን ለጊዜው አትንኪው። 450 የሆት ፕሌቱ ነው ወይስ የመስታወቱ? የመስታወቱ ፊት ብዙውን ጊዜ ከዚያ ዝቅ ይላል፣ ኤታኖሉ ሲያርፍበት ደግሞ ጭራሽ ይቀዘቅዛል። ቴርሞኮፕሉን (የሙቀት መለኪያ ሽቦውን) መስታወቱ ላይ አድርገሽ ለኪው። ከዚያ ለአጭር ጊዜ ርጪ፣ ሙቀቱ እስኪመለስ ጠብቂ፣ እንደገና ርጪ። ጠብታው ከተለቀ ይፈነጣጠቅና ፊልሙ ይሻክራል፣ ስለዚህ መርጫውን ትንሽ አርቂው፣ ግን አታብዢው፣ አየር ላይ ደርቆ ዱቄት ሆኖ ይወርድብሻል።

አራት መርፌ፦
ዶፓንት ያለው ልክ ነው፣ እኔ ግን ከመለኪያው እጀምራለሁ። መልቲሜትር የጫፎቹንና የፊልሙን ንክኪ ሬዚስታንስ አብሮ ስለሚቆጥር ኪሎኦም ማለቱ ብዙ አይነግርሽም። አራት መርፌ በእኩል ርቀት በአንድ መስመር ደርድሪ፣ በዳርና ዳሩ ከረንት ስጪ፣ በመሃለኞቹ ቮልቴጅ ለኪ። ቮልቴጁን ለከረንቱ አካፍለሽ በ4.53 ስታባዢው የፊልሙ ሬዚስታንስ በኦም በስኩዌር ይወጣል፣ ፊልሙ ከመርፌዎቹ ርቀት አንፃር ሰፊ ከሆነ ማለት ነው። ገበያ ላይ ያለው ኤፍቲኦ ከ7 እስከ 15 አካባቢ ነው።

ተራ መስታወት ሶዲየም አለበት፣ ሲሞቅ ወደ ፊልሙ ይገባል፤ ከክሎሪኑ ጋር ጨው ሠርቶም ሊያደፈርስ ይችላል። ቦሮሲሊኬት (ሙቀት የሚችለው የላብ መስታወት) ካገኘሽ በዚያ ሞክሪና አወዳድሪ።

ላብ ቴክኒሺያን፦
እህቴ፣ አሲድና አሞኒየም ፍሎራይድ ሲገናኙ ሃይድሮፍሎሪክ አሲድ ይፈጠራል! ቆዳ ላይ ሲያርፍ ወዲያው ላያምሽ ይችላል፣ ወደ ውስጥ ገብቶ ግን የሰውነትን ካልሲየም ያስራል። ብርጭቆ ይበላል፣ በፕላስቲክ ዕቃ በጥብጪ። ከጭስ መምጠጫው ውጭ እንዳትረጪ፣ ለቃጠሎው የሚቀባው ካልሲየም ግሉኮኔት ጄልም አጠገብሽ ይኑር። ጄሉ ከሌለ ሥራው ይቅር።

መስታወት ቆራጭ፦
ይሄ ሁሉ ድካም ለምን? ሃርድ ኮት ሎው-ኢ የሚባለው ሙቀት መላሽ የሕንፃ መስታወት ሽፋኑ ራሱ ኤፍቲኦ ነው። መስታወት ቤቶች ቁርጥራጭ ካላቸው ጠይቂ። ሶፍት ኮቱን ግን ተዪው፣ እሱ ስስ ብር ነው፣ ሙቀትና አሲድ አይችልም። የተቀባው ፊት የቱ እንደሆነ በመልቲሜትር ታገኚዋለሽ፣ ለዚህ እንኳን ይሆናል።

ጣና ፊዚክስ፦
ተባረኩ። አማካሪዬ ራሴ እንድሠራው ነው የሚፈልገው፣ ሎው-ኢውን ለማነጻጸሪያ እፈልገዋለሁ። በኤፍቲኦው ፋንታ አሉሚኒየም የገባበት ዚንክ ኦክሳይድ ቢሆንስ? ፍሎራይዱ ቀረልኝ ማለት ነው።

አራት መርፌ፦
ኬሚካሉ ይቀላል፣ ዚንክ አሲቴት በቀላሉ ይገኛል። ግን አየር ላይ ከጋገርሽው ኦክስጅን በክሪስታሎቹ ድንበር ላይ ይጣበቅና ሬዚስታንሱ ከፍ ይላል። እሱን ለማውረድ ሃይድሮጅን ያለበት ጋዝ ውስጥ ማሞቅ ያስፈልጋል። ጋዙና ፈርነሱ አላችሁ? ከሌላችሁ ኤፍቲኦው ላይ ቆዪ፣ መጀመሪያ ቴርሞኮፕሉን።