ካሜራዬ ፊልም መሳብ እያቆመብኝ ነው፣ የምታውቁ እርዱኝ

ሰላም ለሁላችሁ። አንድ አሮጌ ባለ 35 ሚሊሜትር ካሜራ አለኝ፣ ባትሪ የማይፈልግ፣ ሙሉ በሙሉ ሜካኒካል። ባዶውን ስሞክረው ምንም አይልም፤ የፊልም መሳቢያው እጀታ እስከ ጥግ ይሄዳል፣ ሸተሩም (ተከፍቶ ብርሃን የሚያስገባው መጋረጃ) ይሠራል። ፊልም ሲገባበት ግን ጉድ ነው! መጀመሪያ ደህና ይሄድና መሃል ላይ መሳቢያው ላላ ይልብኛል፣ ቆጣሪው ቁጥር መጨመሩን አያቆምም፣ በግራ በኩል ያለው የመመለሻ እጀታ ግን አብሮ አይዞርም። ፊልሙ ቆሟል ማለት ነው። ሲታጠብም ፎቶዎቹ ተደራርበው ወጡ።

የፊልሙ ጫፍ ማጠንጠኛው (ፊልሙ የሚጠቀለልበት ዘንግ) ውስጥ በደንብ መያዙን፣ ፊልሙን የሚስቡት ጥርሶችም በፊልሙ ጠርዝ ያሉት ቀዳዳዎች ውስጥ መግባታቸውን የኋላ ክዳኑን ሳልዘጋ አይቻለሁ። ቀዳዳዎቹም አልተቀደዱም። የምጠረጥረው ወይ ከታች ያለው የፊልም መመለሻ ቁልፍ ሙሉ በሙሉ ወደ ቦታው ስለማይመለስ ጥርሶቹ እንዲሁ በነፃ ይዞራሉ፣ ወይ ደግሞ ማጠንጠኛው ራሱ ላልቶ ይንሸራተታል። ካሜራውን ሳልፈታ የትኛው እንደሆነ እንዴት ልለይ? ዘይት ጠብ አድርግበት የሚለው ምክር ይቅርብኝ፣ ሸተሩ ላይ ከደረሰ ሌላ ጣጣ ነው። የታችኛውን ክዳን መክፈት የግድ ከሆነስ መጀመሪያ ምኑን ልይ?