የወንድሜ እግር መግል አልቆም አለ፤ ኦፕራሲዮን ያድነዋል?

የሐዋሳ እህት፦
ሰላም ለሁላችሁ። ታናሽ ወንድሜ 23 ዓመቱ ነው። ዓምና ባጃጅ ተገልብጦበት ቅልጥሙ ተሰበረ። አጥንቱ ቆዳውን ቀዶ ወጥቶ ነበር። ውስጡ ብረት ገባለት። ከሁለት ወር በኋላ መግል ጀመረው። ክኒን ሲወስድ ይደርቃል፣ ሲጨርስ ያው ቀዳዳ ይከፈታል። ይኸው አራተኛ ጊዜው ነው። አሁን ሐኪሙ «ብረቱ ይውጣ፣ የሞተው አጥንት ይጠረግ» አለ። እናታችን «እግሩን ሊቆርጡት ነው» ብላ እህል አልቀመሰችም። ወጌሻ ጋ ካልሄደ ትላለች። በዚህ ያለፈ ሰው ካለ እባካችሁ ንገሩኝ።

የአሞራ ገደሉ፦
እህቴ፣ እግዚአብሔር ይማረው። እኔ አሞራ ገደል ዓሣ እሸጣለሁ። ሦስት ዓመት ሙሉ በዚሁ በሽታ ተሰቃይቻለሁ። መግሉ ሱሪዬን እንዳያረጥብ ፋሻው ላይ ፌስታል አስሬ ነበር የምሠራው።

ክኒን ለምን እንደማይበቃ የገባኝ ሐኪሙ ራጄን ወደ መስኮት ይዞ ሲያሳየኝ ነው። መሃል ላይ ከሌላው ነጣ ያለ ስንጥር አለ። የሞተ አጥንት ነው፤ ደም አይደርሰውም። መድኃኒት ደግሞ የሚሄደው በደም ነው። ጀርሙ እዚያ ስንጥር ላይና ብረቱ ላይ ተጣብቆ ይቀመጣል። ክኒኑ ዙሪያውን ያበርዳል እንጂ እሱን አያገኘውም።

በኦፕራሲዮኑ የሞተውን እየፋቁ ይሄዳሉ። ጤነኛው አጥንት ደም ጠብ ጠብ ማለት ሲጀምር ያቆማሉ። ከእኔ 4 ሴንቲ ሜትር ወጣ። ክፍተቱን ለመሙላት ክብ ክብ ብረት ከውጭ ገጠሙልኝ። ኢሊዛሮቭ ይባላል፤ ኩርጋን በምትባል ከተማ ይሠራ በነበረው የሶቪየት ሐኪም ስም ነው። አጥንቱን ጤነኛው ቦታ ላይ ይቆርጡትና ቁራጩ ወደ ክፍተቱ በቀን 1 ሚሊ ሜትር ይጎተታል፤ ከኋላው አዲስ አጥንት ይበቅላል። በየ6 ሰዓቱ ሩብ ሚሊ ሜትር ማዞር ነው። ሌሊት 6 ሰዓት ላይ ሚስቴ ነበረች የምትቀሰቅሰኝ። 40 ቀን! ከዚያ እስኪጠነክር ደግሞ ወራት። ወንድምሽ ግን የወጣው አጥንት ትንሽ ከሆነ ይህ ሁሉ ላያስፈልገው ይችላል።

አንድ ነገር አደራ። በኦፕራሲዮኑ ጊዜ ከአጥንቱ ራሱ ተቆርጦ ለካልቸር፣ ማለትም ጀርሙን አሳድጎ ለሚለየው የላብራቶሪ ምርመራ፣ እንዲላክ ጠይቁ። ለእኔ መጀመሪያ ቀዳዳው አፍ ላይ ያለውን መግል ብቻ ጠርገው መረመሩ። የቆዳ ላይ ጀርም ነበር የተገኘው። በማይሠራ መድኃኒት ወራት አለቁ። እስካሁን ይቆጨኛል።

ወጌሻን አልንቅም፤ ወለምታ ሲሆን እኔም እሄዳለሁ። መግል ያለበት እግር ግን አይታሽም። እኔ ታሽቼ ያን ሌሊት ትኩሳት ሲያንቀጠቅጠኝ አደረ።

የአጥንት ክፍል ነርስ፦
ወንድሜ ስለ ናሙናው ያልከው ትክክል ነው። ብዙ ጊዜ ሐኪሞች ናሙናው እንዳይበላሽ ከኦፕራሲዮኑ በፊት አንቲባዮቲኩን ለ2 ሳምንት ያህል ያስቆማሉ። በራሳችሁ ግን አታቁሙ፤ ጠይቁ። ከኦፕራሲዮን በኋላ ያለው መድኃኒት አብዛኛውን ጊዜ 6 ሳምንት ገደማ ነው። ደረቀ ተብሎ አይቋረጥም። ሲጋራ የሚያጨስ ከሆነ አጥንቱ መግጠም ይዘገይበታል፣ ያቁም። ትኩሳትና ብርድ ብርድ ካለው ቀጠሮ አትጠብቁ። ደግሞ እህቴ፣ መግል የሚያወጣ ቀዳዳ ለብዙ ዓመት ከተተወ አንዳንዴ ወደ ካንሰር ይቀየራል። እናታችንን ቀስ ብለሽ አስረጂያት።

የሐዋሳ እህት፦
ሁሉንም አነበብኩላት። ሰኞ እንሄዳለን። የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ሰውዬው አሁን ይራመዳል?»

የአሞራ ገደሉ፦
ዛሬ ጠዋት ከቤቴ እስከ ሐይቁ በእግሬ ነው የሄድኩት፣ ያለ ክራንች። ሲበርድ ትንሽ ይጠዘጥዘኛል እንጂ ሌላ የለም። ሰኞ ስንት ሰዓት ነው ቀጠሮው? ከፈቀድሽ እመጣለሁ፣ እናታችን እግሬን በዓይኗ ትየው።