ጥቆማ፦ ለናሚቢያ አደን ጫማና ልብስ ደብረ ብርሃን ላይ የት ይገኛል?

ጠያቂ፦ ሰላም ለሁላችሁ። አባቴ ሰኔ ውስጥ ለአጋዘንና ለሳላ አደን ለ8 ቀን ናሚቢያ ይሄዳል። ጫማና ጃኬት እዚሁ ይገኛል ወይስ መርካቶ እንሂድ? አገሩ ሞቃት ስለሆነ ስስ ልብስ ይበቃዋል ብለናል።

የጠባሴ ልጅ፦ እህቴ፣ በስስ ልብስ እንዳትሸኙት። ሰኔ እዚያ ደረቅ ብርድ ነው። ሌሊት ወደ ዜሮ ይወርዳል፣ ቀን 20 ዲግሪ ያልፋል። የእኛን የኅዳር ውርጭ አስቢ። ጎህ ሲቀድ ክፍት መኪና ላይ ስለሚወጡ የሱፍ ኮፍያ፣ ጓንት፣ ሹራብና ነፋስ የማያስገባ ጃኬት ያስፈልገዋል፤ ረፋድ ላይ አንድ በአንድ ያወልቃል። ሁለት ሱሪና ሦስት ሸሚዝ ይበቃል፣ ብዙ ካምፕ ውስጥ በየቀኑ ይታጠባል። ቀለሙ ካኪ ይሁን። ነጭ ጋቢ ማታ እሳት ዳር ብቻ።

ዘመንዝ፦ ሹራብ ከሆነ ከመንዝ በግ ሱፍ ሌላ አታስቡ! ናይለን እሾህ ሲነካው ይንኮሻኮሻል፣ አጋዘን ደግሞ ከሩቅ ይሰማል። ሱፍ ድምፅ የለውም።

ባሶ፦ ጫማ ግን እዚህ ከተማ እንዳትገዙ። ከአንድ ሱቅ «አዲስ ነው» ተብሎ የተገዛ ቡትስ በሦስተኛው ቀን ሶሉ ፍርፍር አለ። ባለሱቁ አልመልስም አለ።

ጣርማበር፦ የትኛው ሱቅ ነው? ሰው ይጠንቀቅ እንጂ።

ባሶ፦ ስም አልጠራም። ገበያው አካባቢ ነው።

ሰላድንጋይ፦ አንበሳ ጫማ ግዙና ተገላገሉ። ቆዳው ቆዳ ነው።

የሶል ነገር፦ ቆዳውና ሶሉ ለየብቻ ይታያሉ። ባሶ ያለው የሚደርሰው ጫማው መጋዘን ውስጥ ዓመታት ሲቆይ ነው። በሶሉ መሐል ያለው ፖሊዩሬቴን ስፖንጅ ሳይለበስም እርጥበት እየሳበ ይበሰብሳል። ማስቲሽ አያድነውም፣ የሚፈርሰው ማጣበቂያው ሳይሆን ስፖንጁ ራሱ ነውና። ስትገዙ የሶሉን ጎን በአውራ ጣት ጥፍር ጫኑት፣ ጫማውንም ጣቱ ጋ እጠፉት፤ ከተሰነጠቀ ወይም ዱቄት ካወጣ ተዉት። ስስ ሶል ያለው ስኒከርም አይሆንም፣ የግራር እሾህ ይበሳዋል። ከሰዓት በኋላ እግር ሲያብጥ ይለካ፤ ጣቱን ወደ ፊት ገፍቶ ከተረከዙ ኋላ አንድ ጣት ይግባ። ከዚያ ቢያንስ ሦስት ሳምንት ድንጋያማ መንገድ ላይ ይሂድበት። ባልተላመደ ጫማ ከሄደ በሁለተኛው ቀን ተረከዙ ይላጣል።

ግሼ፦ ለጓሳ ከሆነ ወፍራም ብርድ ልብስ ያዙ፣ ከ3,200 ሜትር በላይ ነው።

የጠባሴ ልጅ፦ ጓሳ ጥብቅ ቦታ ነው፣ አደን ክልክል ነው። ጥያቄውን ሳታነቡ አትመልሱ፣ ሰው ገንዘብ ሊያወጣ ነው የሚጠይቀው።

ግሼ፦ ይቅርታ፣ ጓሳ መስሎኝ ነው።

አንኮበር፦ ከልብሱ በፊት ወረቀቱን ጨርሱ። ከኢትዮጵያ ለሚሄድ የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ይጠየቃል፤ ካርዱ የሚጸናው ከተወጋ ከ10 ቀን በኋላ ስለሆነ ለመጨረሻው ሳምንት አታቆዩት። ጠመንጃ ከአስጎብኚዎቹ ይከራያል፣ ከዚህ ይዞ መሄድ ድካም ነው። ሲደርስ በተከራየው ጠመንጃ ዒላማ ላይ ይሞክርበት። ፓወር ባንክ በእጅ ሻንጣ፣ ቢላ በሚጫነው ሻንጣ። 20,000 ሚሊ አምፒር ሰዓት ያለው ፓወር ባንክ 74 ዋት ሰዓት ስለሆነ ከአየር መንገዶቹ የ100 ዋት ሰዓት ገደብ በታች ነው፣ ያልፋል። ባይኖኩላር እዚያው ይዋስ፤ ገዝቶ ሲመለስ ፈቃድ ከሌለው ቦሌ ላይ ሊያዝበት ይችላል።

ጠያቂ፦ እግዜር ይስጥልኝ። አባቴ 43 ነው የሚያደርገው፣ 44 ይሻላል ማለት ነው?

የሶል ነገር፦ በቁጥር አትግዙ። ወፍራሙን የሱፍ ካልሲ አድርጎ ራሱ ይለካ።

ጣርማበር፦ ባሶ፣ ሱቁ ከገበያው በየት በኩል ነው?