በፒስተን ሞተር ላይ የተጋገረ የእርሳስ ቅሪት በምን ይለቃል?

ጥያቄ (ተለማማጅ ቴክኒሺያን)፦
በአሜሪካ በሚገኝ አንድ የአነስተኛ አውሮፕላኖች ጥገና ቤት በተለማማጅነት እሠራለሁ። የአንድ ሴስና 172 ሊኮሚንግ ኦ-320 ሞተር ሲሊንደሮች ሲወርዱ፣ በታችኞቹ ካንዴላዎች የሸክላ አፍንጫ ዙሪያ ግራጫ ጠጠሮች ተሰክተው ተገኙ፤ የፒስተኖቹ አናትና የጭስ ማውጫ ቫልቮቹ ዘንግ ደግሞ ወደ ቡኒ በሚያደላ ጠንካራ ቅርፊት ተሸፍነዋል። የካርቦን ማስለቀቂያው ጥቁሩን ቢያነሣም ቅርፊቱን አልነካውም። የጠመንጃ አፈሙዝ የሚያጸዱ ሰዎች አቼቶና ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ቀላቅለው እርሳስ እንደሚያሟሙ አንብቤአለሁ። በፒስተንና በካንዴላ ላይ ይህን መጠቀም ይቻላል?

መልስ (የሞተር ክፍል ባለሙያ)፦
በፍጹም አይሞክሩት። ያ ውህድ እርሳሱን የሚያሟማው ወደ ሊድ አሲቴት በመለወጥ ነው፤ ይህም በውኃ የሚሟሟ፣ ወደ ሰውነት በቀላሉ የሚገባ መርዝ ስለሆነ፣ ጠንካራውን ቅሪት ይበልጥ አደገኛ ወደሆነ ፈሳሽ ለወጡት ማለት ነው።

ደግሞም በእጅዎ ያለው ቅርፊት ንጹሕ እርሳስ አይደለም። በ100 ሎው ሊድ (የፒስተን አውሮፕላኖች ቤንዚን) ውስጥ በአንድ ሊትር እስከ 0.56 ግራም እርሳስ ይፈቀዳል። ሲቃጠል የሚፈጠረው ሊድ ኦክሳይድ 888 ዲግሪ ሴልሺየስ ካልደረሰ ስለማይቀልጥ፣ ኤቲሊን ዳይብሮማይድ አብሮ ይጨመራል፤ ይህም ኦክሳይዱን በ370 ዲግሪ ገደማ ወደሚቀልጥና ከጭሱ ጋር ወደሚወጣ ሊድ ብሮማይድ ይቀይረዋል። ሲሊንደሩ ሳይሞቅ ሲቀር ወይም ቤንዚኑ ከአየሩ አንጻር ሲበዛ ግን ለውጡ ሳይጠናቀቅ ይቀርና ሊድ ኦክሲብሮማይድ ይጋገራል። የካርቦን ማስለቀቂያው የዘይት ቅሪትን እንጂ ይህን ጨው እንዲያነሣ አልተሠራም። ኮስቲክ ሶዳ ደግሞ ከቅርፊቱ ይልቅ አልሙኒየሙን ይበላዋል።

ለፒስተን አናት የተፈጨ የዋልነት ቅርፊት ወይም የፕላስቲክ ቅንጣት በአነስተኛ ግፊት መንፋት ይበቃል፤ አስቀድመው ግን የፋሻ (የፒስተን ቀለበት) ማስቀመጫዎቹንና የዘይት ቀዳዳዎቹን ይሸፍኑ። የብርጭቆ ዶቃ ፈጣን ቢሆንም እኔ አልወደውም፤ በዘይት ቀዳዳ ውስጥ የቀረች አንዲት ቅንጣት ሞተሩ ሲነሣ ወደ ኩሽኔታ ትሄዳለች። የፋሻ ማስቀመጫውንም በስለታም ብረት አይፋቁት፤ ከቅሪቱ ጋር የማስቀመጫው ጠርዝ ይነሣል።

መልስ (የካንዴላ ነገር)፦
ስለ ካንዴላው ልጨምር። ጠጠሩ በሚንቀጠቀጥ የካንዴላ ማጽጃ በትዕግሥት ተሰብሮ መውጣት አለበት፤ ሸክላው በቀላሉ ስለሚሰነጠቅ መፈንቀል አይገባም። ከዚያ በኋላ የአሸዋ ንፊያው ለጥቂት ሰከንዶች ብቻ ይሁን፤ ሲበዛ ሸክላውንም ጥርሱንም (ብልጭታው የሚዘልበትን ጫፍ) ይበላል። የሽቦ ብሩሽ በሸክላው ላይ የብረት ብናኝ ትቶ ለኤሌክትሪክ መንገድ ይከፍታል። መሬት ላይ የወደቀ ካንዴላ ምንም ያህል ንጹሕ ቢመስል ይጣላል። ሲመልሷቸውም የታችኛውን ወደ ላይ፣ የላይኛውን ወደ ታች ያዛውሩ።

የቫልቩ ዘንግ ሲጸዳ ጋይዱም (ዘንጉ የሚንሸራተትበት ቱቦ) መታየት አለበት። ጠዋት በቀዝቃዛ ሲነሣ ለጥቂት ጊዜ የሚያንገጫግጭና ሲሞቅ የሚስተካከል ሞተር፣ ብዙውን ጊዜ ጋይዱ ውስጥ በተጋገረ ቅሪት ቫልቩ እየያዘ ነው። ጋይዱን በአምራቹ መመሪያ መሠረት በትክክለኛው ሪመር (ቀዳዳ መሞረጃ መሣሪያ) ጠርገው ክፍተቱን ይለኩ።

ከሁሉ በፊት ብናኙን ይጠንቀቁ። ደረቅ ቅርፊት በብሩሽ አይፈግፍጉ፣ በኮምፕሬሰር አየርም አይንፉ፤ አርጥበው በጨርቅ ያንሡት፣ ጨርቁንም እንደ አደገኛ ቆሻሻ ለይተው ያስቀምጡ። የሥራ ልብስዎን ይዘው ወደ ልጆች አይግቡ።

ጠያቂው፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አውሮፕላኑ የበረራ ማሠልጠኛ ሲሆን፣ ተማሪዎቹ መሬት ላይ ሞተሩን ዝቅ አድርገው ለረጅም ጊዜ ይቆያሉ። ካጸዳን በኋላ ወዲያው እንዳይመለስ ምን ልንገራቸው?

መልስ (የሞተር ክፍል ባለሙያ)፦
ዋናው ምክንያት ይኸው ነው። የሞተሩ አምራች ሊኮሚንግ ራሱ መሬት ላይ ሞተሩ በደቂቃ ከ1,000 እስከ 1,200 ዙር እንዲዞር ይመክራል፤ በዚህ ፍጥነት የካንዴላው አፍንጫ ብሮማይዱ ሥራውን እንዲሠራ በሚያስችል መጠን ይሞቃል። ከማጥፋታቸው በፊት ሙቀቱ ሲረጋጋ ከ15 እስከ 20 ሰከንድ ወደ 1,800 ከፍ አድርገው፣ ወደ 1,200 መልሰው፣ ወዲያውኑ በሚክስቸር (የቤንዚኑን መጠን ከአየሩ ጋር በሚያመጣጥነው መቆጣጠሪያ) ይዝጉት። በታክሲ ጊዜም (አውሮፕላኑ መሬት ላይ ሲንቀሳቀስ) ሚክስቸሩን ያቅጥኑ፣ ማለትም ቤንዚኑን ይቀንሱ፤ ተማሪ ረስቶ ለመነሣት ቢሞክር ሞተሩ ጋዝ ሲጨመር እንዲንተፋተፍና እንዲያስታውሰው አጥብቀው ቢያቀጥኑት ይሻላል። የእርሳሱ ጨው በፋሻው አልፎ ወደ ዘይቱም ስለሚወርድ፣ ፊልተር ያለው ሞተር ዘይቱ በየ50 ሰዓቱ፣ ወንፊት ብቻ ያለው ደግሞ በየ25 ሰዓቱ ይቀየር፤ ብዙ ባይበርም ከ4 ወር አይለፍ።