አባባ ዊ ላይ ጎልፍ ሲጫወቱ ኳሷ ጉድጓዱን እያለፈች አስቸገረቻቸው፣ ምን ይሻላል?

የሲልቨር_ስፕሪንጉ

ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄዬ ትንሽ ታስቃለች ግን የምሬን ነው። አባባ ከደብረ ብርሃን ሊጠይቁን መጥተው ከጥቅምት ጀምሮ እኛ ጋ ናቸው። ብርዱ ሲጠና ከቤት አልወጣም አሉ፣ ሥራቸው ሶፋ ላይ ቁጭ ብሎ በመስኮት መኪና መቁጠር ሆነ። ባለፈው ወር ያገለገለ ዕቃ ከሚሸጥ ሱቅ አንድ አሮጌ ዊ ገዛሁ፣ ኒንቴንዶ የሚባለው ኩባንያ የሠራው፣ ሪሞቷን እያወዛወዙ የሚጫወቱበት ጌም ነው። ለልጆቹ ብዬ ነበር። ዊ ስፖርትስ የሚባለው የስፖርት ጌሞች ዲስክ ውስጡ ተረስቶ አገኘሁት። ልጆቹ ሁለት ቀን ነካክተው ተዉት። አባባ ግን ጎልፏን ሲያዩ «ይቺማ ገና አይደለች እንዴ!» ብለው ተነሡ፣ ሪሞቷን ከእጄ ተቀበሉኝ፣ ይኸው እስከ ዛሬ አልመለሱልኝም።

ችግሩ ምን መሰላችሁ፣ በጉብዝናቸው ወራት ሩር ሲለጉ የኖሩ ሰው ናቸው። ሩቁን ምት ያሳምሩታል፣ አንዳንዴ ኳሷ ዝም ብላ ወደ ጎን ትጠፋለች እንጂ። ጉድጓዱ አጠገብ ሲደርሱ ነው ጉዱ። በፓተሩ (ለቅርብ ምት በሚሆነው ዱላ) ቀስ አድርገው ሲነኳት ሪሞቷ ምንም አትሰማም፣ ትንሽ ጠንከር ሲያደርጉ ደግሞ ኳሷ ጉድጓዱን አልፋ ማዶ ትወርዳለች። ከዚያ ወዲህ፣ ከዚያ ወዲያ። «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» እያሉ ይስቃሉ ግን አውቃቸዋለሁ፣ ተቆጥተዋል።

ሞሽን ፕላስ የምትባለዋን፣ ሪሞቷ ላይ ተሰክታ እንቅስቃሴን በደንብ የምታነበውን መሰኪያ ልግዛላቸው? ወይስ ቲቪው ላይ የማስቀምጠው ሴንሰር ባር ተበላሽቶ ነው? በትክክል እንዲያነብላቸው ብዬ ፊት ለፊቱ አቁሜያቸዋለሁ፣ ያም ለውጥ የለውም።

ኤሌክትሮ_ዳላስ

ወንድሜ ገንዘብህን ያዝ፣ ምንም እንዳትገዛ። ሞሽን ፕላስ የወጣችው በፈረንጆቹ 2009 ነው፣ ያንተ ዲስክ ደግሞ የ2006 ሥራ ስለሆነ መሰኪያዋ መኖሯንም አያውቅም። እሷን የሚጠቀመው ዊ ስፖርትስ ሪዞርት የሚባለው ሌላ ዲስክ ነው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሸወዳል፣ እኔም ተሸውጄ ነው የምነግርህ።

ሴንሰር ባሩን ተወው። ስሙ ነው እንጂ ባሩ ምንም አያነብም። ሁለት ጫፉ ላይ ለዓይን የማይታይ ብርሃን የሚረጩ አምፖሎች ብቻ ናቸው ያሉት፣ የሚያየው የሪሞቷ አፍንጫ ላይ ያለው ካሜራ ነው። እሱንም ሜኑ ላይ ለመጠቆም እንጂ ለምት አትጠቀምበትም። ስለዚህ አባትህን ፊት ለፊት ማቆም ትተህ ጎናቸውን ለቲቪው ሰጥተው እንዲቆሙ አድርግ፣ ልክ ገና ሊመቱ እንደሚቆሙት።

አሁን ወደ ፓተሩ። ሪሞቷ ውስጥ ያለው መለኪያ እጅህ የት እንዳለ አያውቅም። የሚያውቀው ፍጥነትህ በስንት እንደተቀየረ ነው። ቀስ ተብሎ የተጀመረ፣ ቀስ ተብሎ ያለቀ ምት ለእሱ እንዳልተመታ ነው። አባትህ የሚያደርጉት እንደ እውነተኛ ጎልፍ ተጫዋች ነው፣ ጥፋቱ የእሳቸው አይደለም። እኔ የማደርገው እንዲህ ነው፦ ክንዴን ሳላነሣ፣ ክርኔን ጎኔ ላይ አስደግፌ፣ በእጅ አንጓዬ ብቻ አጭር ግን ቆፍጠን ያለች ምት። አጭርና ቆፍጣና። ረጅምና ለስላሳ አይሆንም።

ደግሞ የኤ ቁልፏን ሳይጫኑ ቢያወዛውዙ ኳሷ አትመታም፣ ለልምምድ ነው የሚቆጠረው፣ መለኪያው ግን ይሠራል። ካርታው ላይ በመስመሩ የተደረደሩትን ነጥቦች አየሃቸው? የኃይል መለኪያው ላይ ካሉት ምልክቶች ጋር ይገጥማሉ። ጉድጓዱ ሁለተኛው ነጥብ ላይ ከሆነ መለኪያው ሁለተኛው ምልክት እስኪደርስ አምስት ስድስት ጊዜ በባዶ ይሞክሩት፣ እጃቸው ሲለምደው የኤ ቁልፏን ተጭነው ያንኑ ይድገሙ። ወደ ጎን የምትጠፋዋም ከዚሁ ናት፣ ከመለኪያው ጫፍ በላይ ከመቱ ጌሙ ይቀጣቸዋል። ኃይል ሲበዛ ኳሷ ትታጠፋለች።

ማሚቱ_ሚኒሶታ

አይ ኤሌክትሮ፣ ሰውየው አባቱን ሊያስደስት ነው እንጂ ኢንጂነሪንግ ሊማር አይደለም 😄 እኔ የምልህ አቅሙ ካለህ ስዊች ግዛ፣ ከዊ በኋላ የመጣውን የኒንቴንዶ ጌም። ስዊች ስፖርትስ ጎልፍ አለው፣ ሪሞቷ ትንሽ ናት፣ የእጅ መዞርንም ታነባለች፣ ፓተሩ ላይ እንደ ዊ አታሰቃይም። የኛ ቤት ልጆችም አያትም በዚያው ናቸው።

ሌላው ግን፣ ማሰሪያዋን እጃቸው ላይ አስገባላቸው! ይቺን አደራ። ባለቤቴ «እኔ ልጅ ነኝ እንዴ» ብሎ ያለ ማሰሪያ መታና ሪሞቷ በርራ አዲሱን ቲቪ መሀል ለመሀል። የኛ ብቻ እንዳይመስልህ፣ ዊ እንደወጣ በዚያው በ2006 ታኅሣሥ ኒንቴንዶ 3.2 ሚሊዮን ለሚሆኑ ሪሞቶች ጠንካራ ማሰሪያ እለውጣለሁ ብሎ ነበር፣ በዓመቱ ደግሞ የጎማ ሽፋን በነፃ ማደል ጀመረ። ያገለገለ ስለገዛህ ክሩ የድሮው ቀጭኑ ይሆናል፣ እየው። ገና የለመደ ክንድ ቀላል አይደለም።

ኤሌክትሮ_ዳላስ

@ማሚቱ ማሰሪያው ላይ መቶ በመቶ። ስዊቹ ላይ ግን አንድ ነገር ልጨምር፣ ስዊች ስፖርትስ በ2022 ሚያዝያ ሲወጣ ጎልፉ አልነበረውም፣ በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ ነው በአፕዴት የመጣው። ስለዚህ የጌሙን ካርድ ስለገዛ ብቻ አይሆንም፣ ኢንተርኔት ላይ ሰክቶ ማውረድ አለበት። የጉድጓዱ ብዛት 21 ነው፣ የዊው 9 ብቻ። ግን ሽማግሌ ሰው የለመደውን ዕቃ ነጥቀህ አዲስ ስትሰጠው እንደገና ከሀ ሁ ነው።

በነገራችን ላይ እነዚያ 9ኙ ጉድጓዶች ከየት እንደመጡ ታውቃላችሁ? ከ1984ቱ የኒንቴንዶ ጎልፍ የተወሰዱ ናቸው። ፕሮግራሙን የጻፈው ሳቶሩ ኢዋታ ነው፣ ኋላ የኩባንያው ፕሬዚዳንት የሆነው። ዊ የወጣውም እሱ ፕሬዚዳንት እያለ ነው። ለጥያቄው አይጠቅምም፣ ዝም ብዬ ደስ ስለሚለኝ ነው።

ቲቪህ አዲስ ከሆነ ግን ሜኑው ውስጥ ጌም ሞድ የሚለውን አብራው። ዊ ከ480 መስመር በላይ ጥራት ያለው ምስል አያወጣም፣ ቲቪው ያንን እያሰፋ ሲቀባባ ይዘገያል፣ አባትህ ከመቱ በኋላ ነው መለኪያው ሲንቀሳቀስ የሚያዩት።

የሲልቨር_ስፕሪንጉ

ኧረ አመሰግናለሁ! ጌም ሞዱን አብርቼ በጎን አቆምኳቸው፣ ልዩነቱ ወዲያው ታየ። የክርኗን ነገር ገና እያለማመድኳቸው ነው። ስዊቹን ለጊዜው ትቼዋለሁ፣ ምክንያቱም ሌላ ጉድ መጣ። አባባ ለፋሲካ አገር ቤት ይገባሉ፣ ዊዋን ይዣት ካልሄድኩ ብለዋል። «ጎረቤቶቼን አሰልፌ ነው የምመታቸው» ይላሉ። እዚያ ይሠራል?

ጎፋ_ሰፈር

ቆይ ቆይ ቆይ! ከመሰካታችሁ በፊት ይህን አንብቡ። እኔ የአጎቴ ልጅ ከአሜሪካ የላከልኝን ዊ እዚህ አዲስ አበባ እንደመጣ በደስታ ግድግዳ ላይ ሰካሁት፣ ጠረነኝ፣ አበቃ። የአሜሪካው ዊ አዳፕተር የተሠራው ለ120 ቮልት ብቻ ነው፣ የኛ መብራት 220 ነው። የስልክ ቻርጀር ሁለቱንም ስለሚችል ሰው ሁሉም ዕቃ እንደዚያ ይመስለዋል። ጀርባው ላይ 100–240 የሚል ካላየህ አትስካ። የስዊቹ አዳፕተር ይላል፣ የዊው አይልም።

ሁለት አማራጭ አለህ። አንደኛው ትራንስፎርመር ነው፣ ከባድ ነው ግን እዚህም ይገኛል። ሁለተኛውና እኔ የምመርጠው ለአውሮፓ የተሠራውን የዊ አዳፕተር እዚያው ሆነህ ማዘዝ ነው፣ መውጫው ያው 12 ቮልት፣ 3.7 አምፒር ነው፣ ይገጥማል። ዕድለኛ ስለነበርኩ የተቃጠለው አዳፕተሩ ብቻ ነበር፣ ዊው ተርፏል፣ እስካሁን ይሠራል።

ዲስክ ግን ከአውሮፓ ወይም ከዱባይ እንዳያስመጡ፣ የአሜሪካ ዊ የአሜሪካ ዲስክ ብቻ ነው የሚበላው። ሪሞት ደግሞ አንድ ይበቃቸዋል፣ ጎልፉን አራት ሰው አንዷን ሪሞት እየተቀባበለ መጫወት ይችላል። ግራኝ ጎረቤት ካላቸውም ሲጀምሩ ግራኝ የሚለውን ይምረጡለት፣ አለዚያ ሲያለቅስ ይውላል።

የሲልቨር_ስፕሪንጉ

@ጎፋ ሰፈር እግዜር ይስጥህ፣ አዳፕተሩን አሁን አዘዝኩ። ሣጥኑ ላይም በትልቁ «የአሜሪካውን አዳፕተር ግድግዳ ላይ እንዳትሰኩ» ብዬ እጽፋለሁ።

የክርኗ ዘዴ ሠራች። አባባ ትናንት ማታ ወንበር ላይ ቁጭ ብለው፣ ክርናቸውን የወንበሩ መደገፊያ ላይ አድርገው በፓተሩ አንዴ ጠቅ፣ ገባች። ከዚያ ወዲህ ቆመው መምታት ትተዋል። እኔን ሦስት ጊዜ አሸንፈውኛል፣ ሚስቴን ሁለቴ። አሁን ያለብኝ ችግር ሪሞቷ ነች፣ ሁለት ሁለት ባትሪ ድንጋይ ትበላለች፣ በሳምንት ውስጥ ሁለተኛ ዙር ገዛሁ። ቻርጅ የሚደረጉት ባትሪዎች ይሠሩላታል? የሞከረ ካለ ይንገረኝ፣ ሱቅ ልሄድ ነው።