ዊንዶውስ የሌለው አሮጌ ኮምፒውተር ላይ ሊኑክስ ይገባል?

ጠያቂ (ፍኖተ ሰላም)
ሰላም ለሁላችሁ። አሮጌ ዴል ዴስክቶፕ በጨረታ ገዛሁ። ፕሮሰሰሩ ኮር ቱ ዱዎ ነው፣ ራሙ 2 ጊጋ፣ ዲስኩ 160 ጊጋ። የመጣው ግን ዲስኩ ተጠርጎ ነው። ስከፍተው «ኖ ቡት ዲቫይስ አቬይለብል» (የምነሳበት ዲስክ የለም እንደማለት) ይልና ቀጥ ይላል። ሲዲም የለውም፣ የዊንዶውስ ቁጥሩም ተልጧል። እዚህ የጠየቅኩት ልጅ መጀመሪያ ዊንዶውስ ካልተጫነ ሊኑክስ (በዊንዶውስ ፋንታ ኮምፒውተሩን የሚያሠራው ነፃ ሲስተም) አይገባም አለኝ። እውነት ነው? ታናሽ እህቴ 11ኛ ክፍል ናት፣ በአማርኛም በእንግሊዝኛም መጻፍ እንድትለማመድበት ነው።

መልስ 1 (ባሕር ዳር)
አይደለም ወንድሜ፣ ልጁ ተሳስቷል። ባዶ ዲስክ እንዲያውም ይሻላል፣ የሚጠፋብህ ነገር የለም። ሌላ ኮምፒውተር የሚያስፈልግህ ፍላሹን ለማዘጋጀት ብቻ ነው፣ እሱም የጓደኛ ሊሆን ይችላል።

ኮር ቱ ዱዎ 64 ቢት ስለሆነ ሊኑክስ ሚንት የሚባለውን የሊኑክስ ዓይነት ይችላል፤ ከሚንት ቀለል ያለውን፣ ኤክስኤፍሲኢ የሚባለውን አውርድ። ቢያንስ 2 ጊጋ ራምና 20 ጊጋ ዲስክ ይፈልጋል፣ ራሙ አንተ ጋ ልክ ጠርዝ ላይ ነው። ለመጻፍ ይበቃል፣ ብራውዘር ላይ ብዙ ገጽ ስትከፍት ግን ይጨንቀዋል። ፋይሉ ወደ 3 ጊጋ ነው፣ 8 ጊጋ ፍላሽ ያዝ።

አደራ፣ ፋይሉን ፍላሹ ላይ ኮፒ አድርገህ እንዳትተወው። እኔ ሁለት ቀን የደከምኩት በዚህ ነው። ሩፉስ በሚባል ፕሮግራም ነው የሚጻፈው፤ ኮምፒውተሩ የድሮ ስለሆነ «ኤምቢአር» የሚለውን ምረጥ። ፍላሹ ላይ የነበረው ሁሉ ይጠፋል። ከዚያ ሰክተህ ስታበራ ኤፍ12 ደጋግመህ ተጫንና ዩኤስቢውን ምረጥ።

መልስ 2 (ደብረ ማርቆስ)
በተባለው ላይ ልጨምር። ሚንት ሳይጫን ከፍላሹ ላይ ይከፈታል፣ መጀመሪያ ድምፁንና ኔትወርኩን እዚያው ሞክር። ለመጫን ኢንተርኔት አያስፈልግም፣ ሊብረኦፊስ (እንደ ወርድ ያለ መጻፊያ) አብሮት ስለሚመጣ እህትህ በዚያው ቀን መጻፍ ትችላለች። ዴስክቶፕ ባትሪ ስለሌለው ግን መብራት በማይቆራረጥበት ሰዓት ጀምረው፣ መሃል ላይ ከጠፋ ከሀ ትጀምራለህ።

ሌላው ደግሞ ሰዓቱን እይ። ባጠፋኸው ቁጥር ወደ ድሮ ዓመት የሚመለስ ከሆነ ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ክብ ባትሪ አልቃለች። ቀኑ ከተሳሳተ ብራውዘሩ ብዙ ድረ ገጽ አልከፍትም ይላል፣ ሰው ደግሞ ሊኑክሱ ተበላሸ ብሎ ይደክማል። ሲአር2032 በላቸው፣ ሱቅ ይገኛል።

ጠያቂ
እግዚአብሔር ይስጥልኝ! ትናንት ማታ ተጫነ፣ በጣም ነው ደስ ያለን። አማርኛው ብቻ ቀረኝ።

መልስ 2
እንኳን ደስ አላችሁ። ስልክህን በዩኤስቢ ሰክተህ ኢንተርኔት አጋራው፣ ከዚያ «አይባስ ኤም17ኤን» የሚለውን የአማርኛ መጻፊያ ፈልገህ ጫን። ከአካውንትህ ወጥተህ እንደገና ግባና አይባስ ውስጥ አማርኛን ጨምር። በእንግሊዝኛ ፊደል ድምፁን ስትጽፍ ራሱ ወደ ግዕዝ ፊደል ይለውጠዋል። ካስቸገረህ የሚታይህን እዚህ ጻፍልን።